ውኃ የተከፈተበት ጥምቀት

በሰባት ግራር ዝናብ ሲያባራ ማንም ቤቱ አይቀመጥም። መጥረጊያው ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ነው፤ ይዞ መውጣት ብቻ ነው። የቤቶቹ ጣሪያ አሸንዳ የለውም። ግቢው ወደ መንገዱ፣ መንገዱ ወደ አሸዋማው ወንዝ ያዘነብላል። ከዚያ የተረፈውን፣ ድንጋይ ሥር የተኛውንና የከብት ኮቴ ያቆረውን፣ ሰዉ በመጥረጊያና በጨርቅ ይጨርሰዋል። በየቀኑ ውኃ ፍለጋ የምትበረው መሣሪያ፣ ቃኚዋ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ ዝቅ ብላ ከማለፏ በፊት መሬቱ ሰማዩን ማሳየት ማቆም አለበት።

ይህ ግር የሚለው ለእንግዳ ነው። የከተማዋ ሰው ሠርግ ላይ ዝናብ ከያዘው ሙሽራው ካባውን አውልቆ ይጠርጋል። ቀብር ላይ ከያዘው ሬሳው ትንሽ ይጠብቃል፤ ሟቹ በሕይወት ቢኖር ኖሮ እሱም መጥረጊያ ያነሣ እንደነበር ስለሚታወቅ የሚከፋ ዘመድ የለም። ውኃ የሚቀመጠው አፈ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ነው፤ የሚጠጣውም ክዳን ካለው ኩባያ በቀጭን ቱቦ ነው። የአበባ ማስቀመጫ የሚባል ነገር በማንም ቤት የለም። ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማ ወይም ክዳኑ የላላ በርሜል የተገኘበት ሰው እንደሆነ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ማጉያ የምትሰማው ድምፅ ማታ ስሙን ጠርታ ለሰፈሩ ትናገራለች። አትቆጣም። ነገ ነፋስ ይኖራል እንደምትለው ሁሉ በዚያው ድምፅ ትናገርና ታልፋለች።

ከተማዋ በዚህ ሁሉ ትኮራለች። «ደረቅ ከተማ» የሚለው ስም በዋዛ የተገኘ አይደለም። ወባ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ የማያውቅ አንድ ትውልድ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዷል። በጤና ጣቢያው የትኩሳት ክፍል የነበረው አዳራሽ ዛሬ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ነው። ከሰባት ግራር የሚነሣ አውቶብስ መስኮቱን ከፍቶ ይሄዳል፤ የትኛውም ከተማ በር ላይ «ከየት መጣችሁ?» ብሎ የሚያቆመው የለም።

የጎረቤቷ የቆላ በር ዕጣ ግን ሌላ ነው። እዚያ መቃብር ላይ የተረሳች አንዲት የተሰበረች ገንቦ ውኃ አቁራ ቃኚዋ አየቻት። ከተማዋ «እርጥብ» ተባለች። ከዚያ ወዲህ የቆላ በር ሰው የሚጓዘው መስኮቱ በታሸገ አውቶብስ ነው፤ በየደረሰበት በር ወርዶ በጭስ ይታጠናል፤ ልጆቹ ሌላ ከተማ ሄደው አይማሩም። አቤት የሚባልበት ሰው ደግሞ የለም። ቃኚዋ ያየችውን በሩ ያውቃል፤ በሩ ያወቀውን አውቶብሱ ያውቃል። በቃ።

አመለወርቅ የሰባት ግራር የውኃ እናት ናት። ድሮ በመስኖ አገር ውኃ የሚያከፋፍለው ሰው የውኃ አባት ይባል ነበር። እዚህ ደግሞ ውኃ የሚያስከድነው ሰው የውኃ እናት ተባለ፤ ሰዉ መርጦ ይሾማታል፣ ቃሏም ይከበራል። መተዳደሪያዋ የበርሜል ልብስ መስፋት ነው። ከጥቅጥቅ መረብ ሰፍታ፣ ዳር ዳሩን ጠልፋ፣ አፉን በላስቲክ ታስረዋለች። የሰባት ግራር ሙሽራ ስትዳር ይዛ ከምትሄደው ዕቃ መካከል የአመለወርቅ እጅ ያለበት የበርሜል ልብስ ከሌለ አማቶች ቅር ይላቸዋል። ሰዉ ከኋላዋ «ክዳኔ» ይላታል። ታውቃለች። አትጠላውም።

ባሏ ደመላሽ የሞተው በትኩሳቱ ክረምት ነው። የዚያን ዓመት ወባው ከቆላው ተነሥቶ በየከተማው በርሜልና በየጣሪያው አሸንዳ ተራባ፤ መድኃኒቱም ሳይበግረው ቀረ። በሰባት ግራር የእድሩ ድንኳን ሳይታጠፍ ክረምቱ አለፈ። ከአንዱ ቤት በር ተነቅሎ ሌላው ቤት በር ይተከል ነበር እንጂ ወደ መጋዘን አልገባም። አመለወርቅ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ልጇ ትንቢት የተወለደችው አባቷ በተቀበረ በሦስተኛው ወር ነው።

ከዚያ ክረምት በኋላ የሚታይ ውኃ ሁሉ ተዘጋ። ከግራሮቹ ጀርባ ያለው ባሕረ ጥምቀትም ደረቀ። ከተማዋ ጥምቀትን ማክበር አልተወችም፤ ታቦቱ ይወጣል፣ ይዘመራል፣ ካህኑ ከተዘጋ ቧንቧ እንደ ጉም በሚረጭ ውኃ ሕዝቡን ይባርካል። ገንዳው ግን ሲሚንቶው እየተሰነጠቀ ባዶውን ተኝቷል። የትንቢት ዕድሜ እኩዮች ታቦቱ ለምን እዚያ ባዶ ጉድጓድ ዳር እንደሚያድር የሚያውቁት በትምህርት ነው።

በኅዳር ወር በተጠራው የሰፈሩ ስብሰባ ላይ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አለቃ ቄስ ድንበሩ ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው፤ በክፍት ውኃ ላይ ጸሎት አድርሰው የሚያውቁ ከካህናቱ መካከል እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ከበላይ ፈቃድ መገኘቱን ተናገሩ። ገንዳው ከከተራ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ጥምቀት ዕለት ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ ውኃ ሊሞላ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ቃኚዋ ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ውኃ ካየች የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ፈቃዱ የሚጸናው ደግሞ የውኃ እናት ቃሏን ከሰጠች ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደ አመለወርቅ ዞረ። «አይሆንም» አለችና ተቀመጠች። የተከራከራት የለም። የመጣው ሁሉ እንዳመጣጡ ጸጥ ብሎ ተበተነ።

ትንቢት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ናት፤ ለቤተ ክርስቲያንም ትዘምራለች። ያን ዕለት ማታ ከእናቷ ጋር ቀርባ በላች፣ ዕቃውን አጣጠበች፣ እያንዳንዱን ኩባያ ከደነች። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረችው።

«እማዬ፣ እኔ ስጠርግ ነው ያደግሁት። አንድም ቀን አማርሬ አላውቅም። ግን ተማሪዎቼ ለምን እንጠርጋለን ሲሉኝ፣ ስለምንፈራ ነው ማለት ሰልችቶኛል።»

«ፍርሃት ነው እኮ ያሳደገሽ» አለች አመለወርቅ።

«ይሁን፣ አሳደገኝ። አሁን ግን አድጌያለሁ።»

አመለወርቅ በማግስቱ ከሰዓት ሥራዋን ትታ ወደ ገንዳው ሄደች። ለምን እንደሄደች ብትጠየቅ ስንጥቁን ለማየት ነው ትል ነበር። እዚያ ሐጂ ሙክታር የግራሮቹን ጥላ ይዘው መጥረጊያ ሲያስሩ አገኘቻቸው። ሐጂ የከተማዋ መጥረጊያ ሠሪ ናቸው። ባለቤታቸው የሞቱት ደመላሽ በሞተበት ሳምንት ነበር፤ ድንኳን ሲያንስ ሁለቱም ሐዘንተኞች አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የማይነጋገሩ፣ ግን የሚግባቡ ወዳጆች ናቸው።

አጠገባቸው ተቀመጠች። ሐጂ ስለ ፈቃዱ አላነሡባትም። በልጅነታቸው መስጊዱ ግቢ ውስጥ ስለነበረው የውዱእ ገንዳ አጫወቷት። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሲነክሩ የሚሰማው ድምፅ፣ አሁን ቧንቧው ፊት ሲቆሙ እንደሚናፍቃቸው ነገሯት። ቧንቧ ያጥባል፣ ግን አይናገርም አሉ። አመለወርቅም ደመላሽ የጥምቀት ለት ልብሱን እንደለበሰ ዘሎ ገንዳው ውስጥ ገብቶ፣ እየተንጠባጠበ መጥቶ እንዳቀፋት ትዝ አላት። ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ለሐጂ ነገረቻቸው። እሳቸው ሣሩን እያሰሩ ሰሟት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሳትጠየቅ ተነሣች።

«መዝጋትማ ማንም ይዘጋል» አለች። «ከፍቶ መዝጋት ነው ቁም ነገሩ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ይከፈት። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን አንዲት ጠብታ እንዳላይ።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንቶች የሥራ ነበሩ። ወጣቶቹ የገንዳውን ስንጥቅ ደፈኑ። ሴቶቹ አመለወርቅ ቤት ተሰብስበው ለበርሜል የተቆረጠውን መረብ ሁሉ ገጣጥመው አንድ ትልቅ ልብስ ሰፉ፤ ገንዳው ከከተራ ማታ እስከ ጥምቀት ማለዳ የሚለብሰው። እንደ ድንኳን ሰፊ፣ እንደ ነጠላ ስስ ነበር። አመለወርቅ ዳሩን ራሷ ጠለፈችው፤ ለማንም አልሰጠችም።

በከተራ ዕለት ውኃው ተለቀቀ። ቧንቧው ሲያጉረመርም ዳር የቆመው ወጣት ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዳንዱ ሳያውቀው መጥረጊያውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ውኃው የገንዳውን ወለል ሸፍኖ ማብረቅረቅ ሲጀምር የአንዱ እጅ ሲነሣ አመለወርቅ አየችው። ሊጠርግ ነበር። ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አደረገውና ሁለቱም አፍረው ሳቁ። ገንዳው እስከ ወገብ ሲሞላ ግን ሳቅም ወሬም ቆመ። የግራሮቹ ጫፍ ውኃው ውስጥ ገባ፤ ደመናውም ገባ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይነቃነቃል?» አለቻት ትንቢት በሹክሹክታ።

አመለወርቅ አየችው። ነፋሱ ሲነካው ፊቱ ይሸበሸባል፤ ነፋሱ ሲተወው ይዘረጋል። እንዲህ እንደሚያደርግ ረስታው ነበር።

«ነፋስ ሲኖር» አለቻት።

ታቦቱ በዝማሬ መጣ፤ ድንኳኑ ውስጥ አደረ። ገንዳው ልብሱን ለብሶ አደረ። በማለዳ ሴቶቹ መረቡን ጠቅልለው አነሡ። ቄስ ድንበሩ መስቀላቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ። ከዚያም የቄጠማ ነዶ እየነከሩ ሕዝቡ ላይ ረጩ። ጉም ሳይሆን ጠብታ፣ ፊት ላይ ጠብ የሚል፣ አንገት ውስጥ የሚገባ። ሰው ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ሳቀ። አንድ ጎረምሳ ዘሎ ገባ፤ ከዚያ ሌሎቹን ማን ያቁማቸው? ሎሚ መወርወርም የድሮ ወግ መሆኑን ከአያቶቻቸው ሰምተው ነበርና ሎሚው ወደ ልጃገረዶቹም ወደ ውኃውም በረረ። ቄጠማውም፣ አበባውም፣ ተቃጥሎ ያለቀው ጧፍም ገንዳው ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ክፍት ውኃ ለምደው አያውቁም፤ ውኃ ውስጥ የጣሉት ነገር የሚቆይ አልመሰላቸውም።

እኩለ ቀን ላይ ታቦቱ ሊነሣ ሲል የከተማዋ የውኃ ባለሙያ የገንዳውን መውጫ ከፈተው። ውኃው ዞረ፣ ወረደ፣ ግማሹ ሄደ። ከዚያ አንድ ጊዜ እንደ ጠጪ ሰው አገሳና ቆመ። ባለሙያው ረጅም ብረት አስገብቶ ጎረጎረው። ቄጠማው፣ ሎሚውና ሰሙ ተጣብቀው እንደ ቡሽ ቱቦውን ወትፈውታል፤ በጎረጎረው ቁጥር እየጠበቀ ሄደ። የመምጠጫው መኪና ይጠራ ተባለ። መኪናው እርጥብ ወደ ተባለ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ የሚመለሰው ነገ ጠዋት ነው የሚል መልስ መጣ።

ከበሮው መመታት ጀምሯል። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ታቦቱን ከቦ ተንቀሳቀሰ። ቄስ ድንበሩ ነገሩ ሲነገራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ታቦት ትቶ መቅረት ግን አይቻልም። ወደ አመለወርቅ ጠጋ አሉ።

«ጸበል ነው፣ ልጄ። እግር ወደሚረግጠው መንገድ እንዳይሄድ። ታቦቱን አግብቼ እመለሳለሁ።»

ትንቢት ከመዘምራኑ መካከል ሆና ወደ እናቷ ዞራ አየች። አመለወርቅ በእጇ ሂጂ አለቻት።

ገንዳው ዳር የቀሩት ረጅሙን መንገድ መሄድ ያቃታቸው አሮጊቶች፣ ባለሙያውና እሷ ናቸው። አንዷ አሮጊት መረቡን መልሰን እናልብሰውና ይደር፣ ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል አለች። ነገሩ ሞኝነት አልነበረም፤ አመለወርቅም አስባዋለች። ግን ቃኚዋ ውኃን በመረብ ውስጥም ታያለች፤ ነገ ጠዋት የሚባል ነገርም አታውቅም። አመለወርቅ ስለ ቆላ በር አሰበች። ትንቢት ታሽጋ በምትሄድበት አውቶብስ መስኮት ወደ ውጭ ስታይ ታያት።

ጫማዋን አወለቀች። ደረጃውን ወረደች። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ባቷን፣ ከዚያ ጉልበቷን ያዘ። ቀሚሷ ከፍ ብሎ ተንሳፈፈና ቀስ ብሎ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ይህን ሁሉ ዓመት በየጓሮው ስታሳድደው የኖረችው ነገር ይህ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አይጎዳም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ጊዜ አልነበራትም።

ለመቅጃ የሚሆን ዕቃ ታጣ። በከተማዋ አፉ የተከፈተ ባልዲ የለም፤ ሁሉም ጠባብ አፍ ነው፣ ሁሉም ክዳን ነው። ባለሙያው ባርኔጣውን አውልቆ እየቀዳ ነበር። አመለወርቅ ወደ እድሩ መጋዘን ላከችው። ተመልሶ ሲመጣ በጋሪ ትልልቆቹን ድስቶች ጭኖ ነበር፣ በትኩሳቱ ክረምት የለቅሶ ንፍሮ ሲቀቀልባቸው የኖሩትን። እሷ እየቀዳች አቀበለች፤ አሮጊቶቹ ለሁለት እየያዙ ወስደው የግራሮቹ ሥር ላይ ደፉ። ሰው የማይረግጠው ቦታ እሱ ነው። የፈሰሰው እንዳያቁር ከመካከላቸው አንዷ በመጥረጊያ ትበትነዋለች። ይህን ሥራ በሰባት ግራር የማይችል የለም።

ብዙ ደከሙ። ውኃው ግን ከአንድ ስንዝር በላይ አልጎደለም። የግራሮቹ ጥላ እየረዘመ መጣ። የአመለወርቅ ወገብ ታሰረ፤ ባለሙያው እጁ ተላጠ። ድስቱ ይሞላል፣ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል።

የዐስር ሶላት ካበቃ በኋላ በመንገዱ ላይ አቧራ ታየ። ሐጂ ሙክታር ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው የመስጊዱ ሰፈር ወንዱም ሴቱም፣ ከፊሉ መጥረጊያ፣ ከፊሉ ድስት፣ አንዳንዱም ከበርሜል የተነሣ ክዳን ይዞ። ሐጂ ገንዳው ዳር ቆመው ጓደኛቸውን እስከ ባቷ ውኃ ውስጥ አዩዋት።

አመለወርቅ ቀና አለች። ጸበል መሆኑን፣ እሳቸውን ችግር ውስጥ እንዳታስገባ እንደምትፈራ ለመናገር ጀመረች።

«ውኃው የእናንተ ነው» አሉ ሐጂ። «ድርቀቱ የሁላችን ነው።»

ሌላ ንግግር አላስፈለገም። ከገንዳው እስከ ግራሮቹ ሁለት ረድፍ ተሠራ፤ በአንዱ ሙሉው ድስት ይሄዳል፣ በሌላው ባዶው ይመለሳል። ሰፈሩ ዝናብ ሲያባራ እንደሚያደርገው ነው፤ ማን የት እንደሚቆም የነገረው የለም። ውኃው አሁን መጉደሉ በዓይን ይታይ ጀመር። ከገንዳው ግድግዳ ላይ እርጥቡ መስመር እየወረደ ሄደ።

ታቦቱ መንበሩ ላይ ከገባ በኋላ መዘምራኑ ከበሯቸውን እንደያዙ ተመለሱ፤ ሩጫ ነበር የመጡት። ሕዝቡም ተከተለ። ትንቢት እናቷን አይታ ገንዳው ውስጥ ገባችና ድስቱን ከእጇ ወሰደች። ቄስ ድንበሩ በሰው ተደግፈው ደረሱ። የግራሮቹ ሥር ከዚህ በላይ እንደማይጠጣ፣ የቀረው ቦታ ሜዳው ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው። ሽማግሌው መስቀላቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ።

«እንግዲያውስ መሬቷም ትጠመቅ» አሉ።

ውኃው ሜዳው ላይ በመጥረጊያ እየተበተነ ተረጨ፤ ቀኑን ሙሉ የጋለው አፈር ወዲያው ጠጣው። ገንዳው ባዶ ሆነ። ባዶ ግን ደረቅ አይደለም። ወለሉ ላይ ስስ ውኃ ተኝቶ ቀርቷል፤ በስንጥቁና በጥጋጥጉ ተሸጉጧል፤ መጥረጊያ ሲገፋው ሸሽቶ ይመለሳል። ጨርቅ ይምጣ ተባለ። ጨርቁ በየቤቱ ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ የግራሮቹን ወገብ ይዛለች።

ትንቢት ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣች። ለዚሁ በዓል የተሠራ፣ ጥለቱ ገና ያልታጠበ ነጠላ ነው። አጣጥፋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና ተንበረከከችበት። ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ መረቡ ይልበስና ይደር ያለችው፣ ይህን አይታ ነጠላዋን መግፈፍ ጀመረች።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል ተረቱ» አለች። «ሆነ እንግዲህ።»

ከዚያ ሁሉም ወረደ። ሴቶቹ በነጠላ፣ ወንዶቹ በጋቢ፣ የሐጂ ልጆች በሻሻቸው፣ ባለሙያው በሸሚዙ። ገንዳው ውስጥ ጎን ለጎን ተንበርክከው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየጠረጉ ሄዱ። የነጣው ልብስ አረንጓዴ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ። የተነከረው እየተወረወረ ሜዳው ላይ ተጨመቀ፤ ተጨምቆ ተመለሰ። አንድ ሰው ዝማሬ ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለው። የማያውቁት ከንፈራቸውን ገጥመው በእጃቸው ምት ተከተሉ። አመለወርቅ ጥጉ ላይ ተንበርክካ በገዛ ነጠላዋ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ የቀረችውን ውኃ ስትመጥጥ፣ ትከሻዋ ከሐጂ ሙክታር ልጅ ሚስት ትከሻ ጋር ይነካካ ነበር። ሁለቱም አልተላቀቁም።

ቃኚዋ የመጣችው ፀሐይ ቀልታ መሬት ስትነካ ነው። ሰዉ ከገንዳው ወጥቶ ዳሩን ከቦ ቆመ። ከሌላው ቀን ይልቅ ዝቅ ብላ መጣች። ገንዳው ላይ ስትደርስ ቆመች። ድምፅዋ የጥርስ ፉጨት ይመስላል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያሳለ የለም። አመለወርቅ ወለሉን እያየች ነበር፤ ሲሚንቶው ግራጫ ነው፣ ሰማይ አይታይበትም።

ቃኚዋ ቀና አለችና ሄደች።

በዚያ ከተማ የቃኚዋ ዝምታ ምስጋና ነው። ግን እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ቄስ ድንበሩ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ሐጂ ሙክታርም አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ። ትንቢት እናቷን አቀፈቻት። ሁለቱም እየተንጠባጠቡ ነበር። አመለወርቅ የልጇን ጀርባ እየደባበሰች፣ ኮርቻለሁ ለማለት ፈለገች፤ ቃሉ ትንሽ መሰላትና አጥብቃ ያዘቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ በጓሮ በኩል ያለው መንገድ ይቀርብ ነበር። ማንም አልሄደበትም። ቆሻሻ፣ እርጥብ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ፣ እንደ ካባ፣ በዋናው አስፋልት መሐል ሄዱ። ድስቶቹን ተሸክመዋል፤ መጥረጊያዎቹን ወደ ላይ አቁመዋል። ከተማው በር ላይ እርጥብ ከተባለ ሩቅ ከተማ የመጣ አውቶብስ ለመታጠን ቆሞ ነበር። አንድ ወጣት ተሳፋሪ ወርዶ ተራውን ሲጠብቅ ያን ሁሉ የጨቀየ ሕዝብ አይቶ ደነገጠና ፊት ለፊት ወደምትመጣው ወደ አመለወርቅ ጠጋ አለ።

«እናቴ፣ ምን አገኛችሁ? ጎርፍ ነበር እንዴ?»

«ጥምቀት ነበር፣ ልጄ» አለችው። «ውኃ ከፍተን፣ ዘግተን መምጣታችን ነው።»

ወጣቱ ግር ብሎት ወደ ሌሎቹ አየ። ማንም አላብራራለትም፤ ሁሉም ግን ፈገግ ብለው ነበር። አመለወርቅ ጥቂት እርምጃ አልፋው ሄዳ ዞር አለች።

«ለከርሞም እንከፍተዋለን» አለች። «ና።»